ካይሮፕራክቲክ ለወገብ ህመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ታክሲ ስነዳ በኖርኩባቸው ዓመታት ከጓደኛ፣ ከዘመድና ከቤተ ክርስቲያን ሰው ደጋግሜ የሰማኋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ካይሮፕራክተር የሚሠራው ምንድን ነው?

የአከርካሪንና የመገጣጠሚያን ህመም በእጁ የሚያክም ባለሙያ ነው። ዝቅ ያለ አልጋ ላይ ያስተኛችኋል። በጣቱ ጀርባችሁን እየዳሰሰ የሚያመውንና አልላወስ ያለውን ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ በአጭርና ፈጣን ግፊት መገጣጠሚያውን ይጫነዋል። እነሱ ይህን «አጀስትመንት» ይሉታል። ብዙዎቹ ማሸት፣ ሙቀትና የሰውነት እንቅስቃሴም ይጨምሩበታል።

ሙያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 ዳቨንፖርት በምትባል የአዮዋ ከተማ ነው። ጀማሪው ዲ. ዲ. ፓልመር ይባላል። የመጀመሪያ ታካሚው ሃርቪ ሊላርድ የሚባል የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ፓልመር ጀርባውን ሲጫነው ደንቁሮ የነበረው ጆሮው ተከፈተ ተብሎ ይተረካል። ፓልመር ከዚያ ተነስቶ ከ100 በሽታ 95ቱ ከአከርካሪ መዛባት ይመጣል እስከማለት ደረሰ። ይህ አባባል በሳይንስ አልተረጋገጠም። ዛሬ ብዙ ካይሮፕራክተሮች ትተውታል፤ የያዙትም አሉ። ስትመርጡ ይህን ልዩነት አስቡት፤ የወገብ ህመም የሚያክም አንድ ነገር ነው፣ አስምንም ስኳርንም በአከርካሪ አድናለሁ የሚል ሌላ ነገር ነው።

«ዶክተር» ይሉታል። ሐኪም ነው ማለት ነው?

የሕክምና ዶክተር አይደለም። ከኮሌጅ በኋላ አራት ዓመት ያህል ካይሮፕራክቲክ ተምሮ፣ ብሔራዊ ፈተና አልፎ ከሚሠራበት ግዛት ፈቃድ ያወጣ ባለሙያ ነው። ቀዶ ጥገና አይሠራም። በአብዛኞቹ ግዛቶች መድኃኒት ማዘዝም አይችልም። ፈቃድ በመስጠት ካንሳስ እ.ኤ.አ. በ1913 ቀዳሚ ስትሆን፣ የመጨረሻዋ ሉዊዚያና እስከ 1974 ቆይታለች።

ከሐኪሞች ጋር ረጅም ጠብ ነበራቸው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ ከካይሮፕራክተር ጋር አብረው እንዳይሠሩ ለዓመታት ሲከለክል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ፍርድ ቤት ድርጊቱን ሕገወጥ ብሎታል። ዛሬ ሐኪሙ ራሱ ወደ ካይሮፕራክተር ሲልክ ታያላችሁ። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ስሙን በግዛቱ የፈቃድ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ፈቃዱ የጸና መሆኑንና ቅጣት ካለበት እዚያ ታያላችሁ።

ከወጌሻ በምን ይለያል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም የሚያክሙት በእጃቸው ነውና። ወጌሻ ሙያውን አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰብ ይወርሳል። ስብራት ያስራል፣ ወለምታ ያሻል፣ የወለቀ ይመልሳል። ካይሮፕራክተር ግን ስብራት አይነካም። ስብራት ከጠረጠረ ወደ ሆስፒታል መላክ ግዴታው ነው።

ወጌሻን ማጣጣል አልፈልግም፤ ሐኪም ባልነበረበት ቦታ ስንቱን አቁሞ ያስኬደ ነው። ግን ከልክ በላይ ጠብቆ በታሰረ ስብራት የተነሳ ደም አጥቶ የሞተ እጅና እግር ሆስፒታል ደርሶ ሲቆረጥ የኖረ ነገር ነው፣ ከነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ወገብን በተመለከተ ደግሞ አንድ ልማድ አለን፦ ልጅ ጀርባ ላይ አቁሞ ማስረገጥ። ለጊዜው ደስ ይላል። አጥንቱ ለሳሳ ሰው ግን አደገኛ ነው። ለእናትና ለአባት በፍጹም አታድርጉት።

«ቋ» የሚለው ድምፅ አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ ነው?

አይደለም። አጥንታችሁ ከቦታው አልወጣም ነበር። በመገጣጠሚያው መሃል ፈሳሽ አለ። መገጣጠሚያው በድንገት ሲሳብ ፈሳሹ ውስጥ የጋዝ ክፍተት ይፈጠራል፤ የምትሰሙት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የካናዳ ተመራማሪዎች የጣት መገጣጠሚያ ሲጮህ በኤምአርአይ ቀርጸው ይህንኑ አይተዋል። ጣታችሁን ስታንቋቁ የሚሆነውም ያው ነው። ስለዚህ ድምፅ አልወጣም ብላችሁ ሕክምናው አልሠራም አትበሉ፤ ብዙ ቋቋ አለ ማለትም ዳንኩ ማለት አይደለም።

በእርግጥ ይሠራል?

ለተራ የወገብ ህመም አዎ፣ ግን በመጠኑ። «ተራ» የምለው ከስብራት፣ ከኢንፌክሽን ወይም ከዕጢ ያልመጣውን ነው፤ ዕቃ ስታነሱ ወይም ስምንት ሰዓት መሪ ጨብጣችሁ ስትውሉ የሚይዛችሁን። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃማ የተባለው የሕክምና መጽሔት 26 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ አውጥቷል። አዲስ የወገብ ህመም የያዛቸው ሰዎች በእጅ ሲታከሙ፣ እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ህመማቸው ከ100 ነጥብ በሚለካ መለኪያ በእጅ ካልታከሙት በ10 ነጥብ ገደማ የበለጠ ቀንሷል። ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹ የህመም ማስታገሻዎች ከሚሰጡት እፎይታ ጋር ይቀራረባል። ተአምር አይደለም፤ ሌሊቱን ላልተኛ ሰው ግን ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለአዲስ የወገብ ህመም ከመድኃኒት በፊት ሙቀት፣ ማሸት፣ አኩፓንቸር (በቀጫጭን መርፌ የሚሰጥ ሕክምና) ወይም አከርካሪን በእጅ ማከም ይሞከር ብሎ መመሪያ አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ህመም ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ አድርጎታል። የእንግሊዝ መመሪያ ደግሞ ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር ካልሆነ ብቻውን አትስጡ ይላል። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። እጅ ህመሙን ያበርዳል፣ ወገቡን የሚያጠነክረው ግን የራሳችሁ እንቅስቃሴ ነው። ደግሞም አብዛኛው አዲስ የወገብ ህመም በጥቂት ሳምንታት በራሱ ይሻላል። በአራተኛው ሳምንት ሲሻላችሁ ምስጋናውን ሁሉ ለካይሮፕራክተሩ አትስጡ።

ሲያክሙኝ ያመኛል?

ብዙ ሰው አይታመምም፤ ይደነግጣል እንጂ። በማግስቱ ግን ብዙ እንደሠራ ሰው መቀጥቀጥ ወይም መድከም የተለመደ ነው። በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ከዚያ ካለፈ ወይም ህመሙ ወደ እግር መውረድ ከጀመረ ደውላችሁ ንገሯቸው፣ ሳትነግሯቸው እንደገና አትታከሙ። ድንገተኛ ግፊቱን ከፈራችሁ ቀስ ያለ መንገድ አላቸው። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ኩላሊቴ ይሁን ወገቤ እንዴት አውቃለሁ?

የኛ ሰው ወገቡን ባመመው ቁጥር «ኩላሊቴ ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ጎንበስ ቀና ስትሉ፣ ስትዞሩ ወይም ብዙ ስትቀመጡ የሚብስ፣ ጋደም ስትሉ የሚቀልል ከሆነ ነገሩ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ነው። የኩላሊት ህመም ከፍ ብሎ ከጎድን አጥንት ሥር በጎን በኩል ይሰማል፤ እንቅስቃሴ ብዙም አይለውጠውም። ትኩሳት፣ ሽንት ማቃጠል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ይኖረዋል። ጠጠር ከሆነ እየመጣ እየሄደ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ አላስቀምጥም ይላል።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው፦ ቀስ በቀስ የሚደክም ኩላሊት ብዙ ጊዜ ምንም አያምም። የሚታወቀው በደምና በሽንት ምርመራ ነው። የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለባችሁ ወገባችሁን አመማችሁ አላመማችሁ ተመርመሩ። ለወገብ ብላችሁ የምትውጡት ኢቡፕሮፌን፣ አገር ቤት ደግሞ በየክሊኒኩ የሚወጋው ዲክሎፌናክ፣ ሲደጋገም ኩላሊት ይጎዳል። ኩላሊቴን ብሎ ዲክሎፌናክ የሚያስወጋ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ኤክስሬይ ወይም ኤምአርአይ ልነሳ?

አደጋ ካልደረሰባችሁና ከታች የምዘረዝራቸው ምልክቶች ከሌሉባችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት አያስፈልግም። ምስሉ ብዙ ጊዜ ከሚረዳችሁ ይልቅ ያስፈራችኋል። ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ሲነሱ ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶዎቹ፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 96 በመቶዎቹ ዲስካቸው (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ያረጀ ሆኖ እንደሚታይ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። እንደ ፀጉር መሸበት ነው። «ዲስክህ አልቋል» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

ስንት ጊዜ ልመላለስ?

ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ምንም ለውጥ ካላያችሁ አቁሙ። ያገኘኋቸው ጥሩ ባለሙያዎች ይህን ራሳቸው ይነግሯችኋል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ በገባሁበት ቀን ኤክስሬይ አነሳኝ። አከርካሪዬን ግድግዳ ላይ እያሳየ፣ አሁን ካልታከምክ በኋላ መራመድ ያቅትሃል አለኝ። ከዚያ የአንድ ዓመት ጥቅል ቅድሚያ ከከፈልክ ቅናሽ አለው የሚል ወረቀት ዘረጋ። ፈርቼ ፈረምኩ። ገንዘቤ አለቀ፣ ወገቤ እንዳለ ነበር። ሁለተኛው ባለሙያ አራት ጊዜ ብቻ አየኝ። በየቀኑ የምሠራውን እንቅስቃሴ አሳይቶኝ «ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግህም» አለኝ። በመጀመሪያው ቀን ምንም የጥቅል ውል አትፈርሙ። «ቤት ሄጄ ላስብበት» በሉ፤ የሚቆጣ ካለ መልሳችሁን አገኛችሁ።

ኢንሹራንስ ይከፍላል?

ብዙ የግል ኢንሹራንሶች በዓመት ለተወሰነ ጊዜ ይከፍላሉ። ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ጊዜ ይፈቀድልኛል፣ ኮፔይዬ (በየቀጠሮው ከኪሴ የምከፍለው) ስንት ነው፣ ይህ ክሊኒክ በኔትወርካችሁ ውስጥ ነው ወይ (ከእናንተ ጋር ውል አለው ወይ)። ክሊኒኩ «እንቀበላለን» ስላለ ብቻ አትመኑ። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ እንደየግዛቱ ይለያያል።

ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያላቸው ወላጆች ካሏችሁ፣ የሐኪም ቤት ምልልስን የሚሸፍነው ክፍሉ ፓርት ቢ የሚከፍለው አከርካሪን በእጅ ለማስተካከል ብቻ ነው። ታካሚው በዓመቱ መጀመሪያ ራሱ የሚከፍለው መጠን (ዲዳክቲብል) ካለፈ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናል፣ 20 በመቶው የታካሚው ነው። ካይሮፕራክተሩ ለሚያነሳው ኤክስሬይና ለማሸት አይከፍልም። ህመሙ ከተረጋጋ በኋላ «ለጥንቃቄ» እየተባለ ለሚደረገው ምልልስም አይከፍልም።

መኪና ገጭቶኝ ነው። ጠበቃ «እዚህ ካይሮፕራክተር ጋ ሂድ» አለኝ። ልሂድ?

መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል ወይም ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ፤ በተለይ ጭንቅላት ወይም አንገት ከተመታ። ስብራት አለመኖሩ ሳይታወቅ ማንም አከርካሪያችሁን አይጫን። ከዚያ በኋላ ካይሮፕራክተር መሄድ ክፋት የለውም።

ሂሳቡን ግን ከመጀመሪያው እወቁት። ሜሪላንድ የምትነዱ ከሆነ፣ በጽሑፍ አልፈልግም ካላላችሁ በቀር፣ ኢንሹራንሳችሁ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ቢያንስ 2,500 ዶላር ለሕክምናና ለጠፋ ደመወዝ የሚከፍል ሽፋን አለው። እሱ ሲያልቅ ክሊኒኩ «ከካሳው እንወስዳለን» ይልና ያስፈርማችኋል። ነፃ ይመስላል፤ አይደለም። ሳምንት ሙሉ እየተመላለሳችሁ ያጠራቀማችሁት ሂሳብ ከካሳችሁ ላይ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ እጃችሁ የሚገባው ትንሽ ሊሆን ይችላል። በየወሩ እስካሁን ስንት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ። ጉዳት ሳይኖር ለካሳ ብሎ መመላለስ ደግሞ ወንጀል ነው። ሌላው ስላደረገው አትግቡበት።

ዲስክ አለብኝ፣ ህመሙ እግሬ ድረስ ይወርዳል። መታከም እችላለሁ?

አንዳንዱ ሰው ይረዳዋል፣ ማስረጃው ግን ከተራው የወገብ ህመም የሳሳ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። እግራችሁ መደንዘዝ ብቻ ሳይሆን መድከም ከጀመረ፣ ለምሳሌ ተረከዛችሁ ላይ ቆማችሁ መራመድ ካቃታችሁ፣ ካይሮፕራክተር ጋ አትሂዱ። ይህ የነርቭ ወይም የአጥንት ሐኪም ጉዳይ ነው። ተስፋ ግን አትቁረጡ። የወጣ ዲስክ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይሟሽሻል፤ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል።

ለሾፌሮች አንድ ነገር ልጨምር። የኪስ ቦርሳችሁን ከኋላ ኪስ አውጡት። እሱ ላይ መቀመጥ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫነዋል። በየሰዓቱም ወርዳችሁ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ።

ጨርሶ መሄድ የሌለብኝ መቼ ነው?

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ወይም ሽንት አልወርድ ካለ፣ ወይም ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ነገ አትበሉ። የነርቮቹ እጣ በሰዓታት ሊወሰን ይችላል። ካንሰር የነበረበት ሰው፣ ከወደቀ በኋላ ያመመው፣ አጥንቱ የሳሳ፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም መጀመሪያ ሐኪም ማየት አለበት።

የኛን ሰው የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይይዝም፤ አከርካሪንም ይይዛል። ቀስ ብሎ ይጀምራል። ለሳምንታት የማይለቅ፣ ሌሊትም የማያስተኛ ህመም፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ አንዳንዴም ጀርባ ላይ ጉብ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። ከአገር ቤት ከወጣችሁ ዓመታት ቢያልፉም ሊነሳ ይችላል። በመድኃኒት ይድናል፣ ከዘገየ ግን ሽባ ያደርጋል። እንዲህ ያለ አከርካሪ ላይ ግፊት ማድረግ አደጋ ነው። የውጭ አገር ሐኪም ላያስበው ስለሚችል ራሳችሁ አንሱለት፦ ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት፣ ቲቢ ይሆን ወይ በሉት። ጥሬ ወተት ትጠጡ ከነበረም ንገሩት፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታም ወገብ ያማል።

ወገቤን ብዬ ሄጄ አንገትህንም ላስተካክል አለኝ። እሺ ልበል?

እኔ እሺ አልልም። አንገት ውስጥ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች አሉ። አንገት በፍጥነት ሲጠመዘዝ የሥሩ ግድግዳ ተሰንጥቆ ስትሮክ የመጣባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። በጣም ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሥሩ ቀድሞ ተሰንጥቆ ህመሙ ወደ ካይሮፕራክተር የወሰዳቸውም እንዳሉ ይታመናል። ቢሆንም ለወገብ ህመም አንገቴን አደጋ ላይ የምጥልበት ምክንያት አይታየኝም። «አንገቴን አይንኩ» ማለት በቂ ነው። ከታከማችሁ በኋላ ድንገተኛ ከባድ የራስ ምታት፣ ማዞር፣ ሁለት ሁለት ማየት ወይም የአፍ መንጋደድ ከመጣ 911 ደውሉ።

ዳግመኛ እንዳይመለስብኝ ምን ላድርግ?

ተራመዱ። አውስትራሊያ ውስጥ ከወገብ ህመም ገና የዳኑ 701 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቶ ነበር። በባለሙያ እየተመሩ ቀስ በቀስ መራመድ የጀመሩት ህመሙ እስኪመለስባቸው በአማካይ 208 ቀን ቆዩ። ምንም ያላደረጉት 112 ቀን። ጫማ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ህመሙ በያዛችሁ ሰሞንም ቢሆን ቀኑን ሙሉ አትተኙ፤ አልጋ ወገብን ያደክማል።

እናቴ ከኢትዮጵያ መጥታ ወገቧን አመማት። ካይሮፕራክተር ጋ ልውሰዳት?

አትቸኩሉ። ወር አበባ ካቆሙ በኋላ የሴቶች አጥንት ይሳሳል። አንድ ጀሪካን ማንሳት ወይም መታጠቢያ ቤት ትንሽ መንሸራተት የአከርካሪ አጥንት ሊሰብር ይችላል፤ እሳቸው «ብርድ ነው የመታኝ» ይሉና ያልፉታል። መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው፣ ኤክስሬይ ይነሱ። ቁመታቸው ካጠረ ወይም ጀርባቸው ከጎበጠ ለሐኪሙ ንገሩት።

ሆስፒታል ስትሄዱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል የማቅረብ ግዴታ አለበት። እናንተ አታስተርጉሙላቸው፤ ልጆቻቸው ፊት የሽንት ነገር አይናገሩም። ወደ አገር ቤት ሲመለሱም ፊዚዮቴራፒ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎቹን ያሠለጥናል፤ በትልልቅ ሆስፒታሎችም ይገኛሉ። እስከዚያው እቤት ስትገቡ ረጋ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ «እማዬ፣ ሰሞኑን ወድቀሽ ነበር እንዴ?» ሁለት ጊዜ ጠይቋቸው። መጀመሪያ «ኧረ ምንም አልሆንኩም» ነው የሚሉት።